ባሌት በእድር ቤት

ብርቅዬ ወደ ኮልፌ የተመለሰችው በ1962 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። አንድ የእንጨት ሻንጣ፣ አንድ የተጠቀለለ ፍራሽና ያበጠ ቀኝ ጉልበት ይዛ ከጋሪ ወረደች። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ክፍል ቤት ከ18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ፣ ከእኛ ቤት አጥር ለአጥር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ ስለቆየች ሰፈርተኛው «የቴያትር ቤቷ» ይላታል። ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ስትሄድ ታነክሳለች፤ አንገቷ ግን እንስራ የተሸከመች ይመስል ቀጥ ያለ ነው። እናቴ ከኋላዋ አይታ «ይቺ ሴት ከወገብ በታች አሮጊት፣ ከወገብ በላይ ሙሽራ ናት» አለች።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከስምንቱ ተማሪዎቿ አንዷ ስለነበርኩ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ብርቅዬ ባሌት የተማረችው በሰም ጨርቅ ላይ ነው። በልጅነቷ ፒያሳ አጠገብ አንዲት አርመናዊት መዳም ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። መዳም በእስክንድርያ የተማረች ስትሆን በሳሎኗ የውጭ አገር ሰዎችን ልጆች ባሌት ታስተምራለች። የብርቅዬ ሥራ የልጆቹን ካፖርት ተቀብሎ መስቀልና ልጆቹ ሲሄዱ ወለሉን በሰም መወልወል ነበር። ካፖርቱን ሰቅላ በበሩ ስንጥቅ ታያለች፤ በኋላ ጨርቁን ከእግሯ ሥር አድርጋ ስትወለውል ያየችውን ትሞክራለች። አንድ ቀን መዳም መነጽሯን ረስታ ስትመለስ ደረሰችባት።

«ተባረርኩ ብዬ ጨርቄን አነሳሁ» ትለን ነበር። «መዳም ጨርቁን ከእጄ ተቀብላ የወንበር መደገፊያ አስያዘችኝ። 'ጉልበትሽን ወደ ውጭ' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አሁን የሚያመኝም ለዚያ ነው።»

ቴያትር ቤት ከገባች በኋላ የየአገሩን ውዝዋዜ ተወዛወዘች፤ ባሌት ሲያስፈልግም እሷን ይጠሩ ነበር። ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የጨፈረችው ሁሉ ሌላ ሰው ያቀናበረውን ነው። ጉልበቷ እምቢ ሲል «እስኪ አሁን የራሴን ልሥራ» ብላ ወደ ሰፈሯ መጣች። ይህን የነገረችን ድንች እየላጠች ነው፤ እንደ ቀላል ነገር።

መጀመሪያ ያስተማረችን ግቢዋ ውስጥ ነበር። ግን በአፈር ላይ በእግር ጣት መዞር አይቻልም፤ ጣት እንደ ችካል ይተከላል። በሰፈራችን ሲሚንቶ ወለል የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የእድሩ ቤት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ በጎላ ድስት፣ በአግዳሚ ወንበርና በተጣጠፈ ድንኳን የተሞላ ነው። ብርቅዬ የእድሩን ዳኛ አቶ ነገሬን ለምና ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንድንገባ አስፈቀደችልን። ድስቶቹን ወደ ጥግ ገፍተን፣ ረጅሙን የድንኳን ምሰሶ በሁለቱ መስኮቶች ላይ በገመድ አሰርን። ያ መያዣችን ሆነ። ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ምሰሶው ለድንኳን ይሄዳል፤ ያን ሳምንት የምንይዘው አናገኝም፤ እርስ በርሳችን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን እንሠራለን።

ጫማችን ሶሉ የተፈለቀቀ ሸራ ጫማ ነበር። ቀሚሳችንን ከአቡጀዲ እሷው ሰፋችልን፤ እናቶቻችን እንዳያጉረመርሙ ከጉልበት አንድ ስንዝር ዝቅ ያለ፣ ከሥሩም ረጅም ካልሲ። ሙዚቃውን የሚጫወትልን ጋሼ ወንድይፍራው ነበር። የሙዚቀኛ ጓድ ጡረተኛ ሲሆን አኮርዲዮኑ አንድ ቁልፍ የለውም። እዚያ ቦታ ሲደርስ በአፉ ይሞላዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ…» ብለን ስንጀምር ትቆጣ ነበር። «አንቺ በሉኝ። አንቱ የተባለ ሰው አይዘልም።»

ትምህርቷ ሁለት ነበር። አንደኛው ቅንብር ነው፤ የትኛው እግር ቀድሞ፣ ማን ከማን ኋላ፣ ስንት ተቆጥሮ። እዚህ ላይ ርኅራኄ የላትም። እጃችን ጣት ያህል ዝቅ ካለ ከወለሉ ጥግ ታያለች። ሁለተኛውን «ድንገቴ» ትለው ነበር። እየሠራን ሳለ ታጨበጭብና አንድ ነገር ትጠራለች። «ከቦኖ ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ ባልዲው ተበሳ።» «ጭቃው ጫማሽን አስቀረው።» «የጋሪው ፈረስ አልንቀሳቀስም አለ፤ ፈረሱ አንቺ ነሽ።» ያን ጊዜ ሳናስብ በሰውነታችን መመለስ አለብን። የደነገጠ ይቀመጣል። ሕጓ አንድ ነበር፤ የመጣብሽን አትግፊው፣ ተቀበዪውና አስጊጪው።

ከሁላችን የምትበልጠው ዱሬቲ ነበረች፤ የዳኛው የአቶ ነገሬ ልጅ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እግሯን አንስታ ስትቆም ሰው ማገር ላይ የረሳት የምትመስል።

ጣጣው የመጣው ኅዳር ውስጥ ነው። የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት አቶ ይመር ድስት ሊቆጥሩ መጥተው በመስኮት አዩን። ስምንታችንም አንድ አንድ እግራችንን ምሰሶው ላይ ሰቅለናል። ድስታቸውን ሳይቆጥሩ ተመለሱ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ግን ቆመው፣ «ወገኖቼ፣ ቤቱን የሠራነው ለኀዘናችን ነው። ሙታን የሚለቀስበት ምሰሶ ላይ የልጃገረድ እግር ተሰቅሎ አየሁ። የሰፈር ነገር ቢሆን እንኳ እችለው ነበር፤ ይህ የፈረንጅ ነው» አሉ።

አቶ ነገሬ ጺማቸውን ይዘው ተነሱ። «እኔ ልጄ ስላለችበት በዚህ ነገር አልፈርድም» አሉ። «አንተ ይመር ሌሎቹን ሽማግሌዎች ይዘህ በመጪው እሑድ እይ። ያየኸውን ትፈርዳለህ።»

ስለዚህ እሑድ የሁሉ ነገር መቁረጫ ሆነ። አቶ ይመር እምቢ ካሉ ሌላ ሲሚንቶ የለም፤ ትምህርቱ ያበቃል። ብርቅዬ ይህን ሳትደባብቅ ነገረችን። ፊቷ ግን አልጠቆረም፤ እንዲያውም ዓይኗ በራ። «ተመልካች አገኘን ማለት ነው» አለች።

ያን ሳምንት አፈርም ቢሆን በየቀኑ ግቢዋ ውስጥ ሠራን። ጨዋታው ራሷ ያቀናበረችው ነው፤ «ዝናቡ ሲመጣ» ብላዋለች። ሰባታችን ደመና ሆነን ግድግዳ ሥር እንቆማለን። ዱሬቲ ብቻዋን መሀል ትወጣና ዝናብ ትጠብቃለች፤ በዝግታ፣ ወደ ሰማይ እያየች፣ በመጨረሻም በአንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ። ከዚያ እኛ በእግር ጣታችን ጫፍ ወለሉን እየደበደብን እንገባለን፤ ያ ዝናቡ ነው። ብርቅዬ ለዚህች የዱሬቲ ክፍል ስትጨነቅ አይቻለሁ። ቅጠል፣ ጠጠር፣ የቡና ሲኒ መሬት ላይ እያስቀመጠች ታሰላ ነበር። ለእኔ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዘመነች፣ አንቺ ደመና ነሽ። ደመና አፍንጫውን አያክክም።»

እሑድ ቤቱ ሞላ። አግዳሚዎቹ አልበቁም፤ ሰው በተጣጠፈው ድንኳን ላይ ተቀመጠ። ከፊት አቶ ይመር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ከእነሱ ቀጥሎ አቶ ነገሬና ባለቤታቸው እትዬ ገበያነሽ። እትዬ ገበያነሽ ሰፈሩን ሁሉ የሚድሩና የሚኩሉ፣ ድምፃቸው ከማዞሪያው የሚሰማ ሴት ናቸው። እናቶቻችን ልብሳቸውን አጥበው መጥተዋል። ብርቅዬ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጋሼ ወንድይፍራው ቀስ ያለ ቫልስ ጀመረ።

ዱሬቲ ወጣች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። እጇ ሲነሳ አየሩን ይዞ የሚነሳ ይመስል ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጉድለቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው እየጨፈረ ጸጥ አይባልም። ብቻውንም አይጨፍርም። አንዲት ልጅ መሀል ገብታ ፊት ለፊቷ የሚገባላት ከታጣ «ዘመድ የላትም ወይ?» ይባላል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዘመድ ዓመት ሙሉ ይታማል። ዱሬቲ ብቻዋን ዞረች። ብቻዋን ሰማይ አየች። እጇን ዘረጋች፤ የሚቀበላት የለም። እትዬ ገበያነሽ ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

«ምነው ልጄን ብቻዋን ተዋችኋት?» አሉ።

«ተቀመጪ አንቺ ሴት» አሉ አቶ ነገሬ።

«እናት እያላት?» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ታጠቁና እልልታቸውን ለቀው መሀል ገቡ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ የሆነው በአንድ ትንፋሽ ነው። እትዬ ገበያነሽ ትከሻቸውን እየሰበቁ ወደ ዱሬቲ መጡ። ዱሬቲ በአንድ እግሯ ቆማለች። ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እትዬ ገበያነሽ ስለተነሱ እንደ ፈቃድ ቆጠረው። እኛ ደመናዎቹ ደርቀን ቀረን። ብርቅዬን አየኋት። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አገናኝታለች፤ ታጨበጭብና ታስቆማለች ብዬ ጠበቅሁ። የሳምንት ሙሉ ሥራዋ ዓይኗ እያየ እየፈረሰ ነበር።

አላጨበጨበችም። ከግድግዳው ለቀቀችና እያነከሰች መሀል ገባች፤ በዱሬቲና በእናቷ መካከል። ፊቷን ወደ እትዬ ገበያነሽ አዞረች። ጉልበቷ አይታጠፍም፤ እስክስታ ግን የትከሻ ነው። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አንገቷ ላይ ያለው ቀጥታ አልተነካም። እትዬ ገበያነሽ አቻ አገኙ፤ «እሰይ!» አሉና ጨመሩ። ብርቅዬም መለሰች። በዚያው መሀል በግራ እጇ ከጀርባዋ ምልክት ሰጠችን፤ አራት ጣት ወደ እሷና ወደ እትዬ ገበያነሽ፣ ሦስት ጣት ወደ ዱሬቲ።

ገባን። እኔ ከአራቱ ነበርኩ። ሦስቱ ዱሬቲን ከበው ደመናቸውን በዝግታ ቀጠሉ፤ እኛ እትዬ ገበያነሽን ተከትለን ትከሻችንን ለቀቅነው። ዱሬቲ እግሯን አላወረደችም። ቆመችበት፤ ከጎኗ አውሎ ነፋስ ሲዞር እሷ እንደ ምሰሶ ጸንታ ቆየች፤ ከዚያ የቀረውን አንድ በአንድ፣ እጇ ጣት ያህል እንኳ ዝቅ ሳይል ሠራችው። ጋሼ ወንድይፍራው ቫልሱን ሳይለቅ በእግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ። በኋላ «እንዴት ገጠመልህ?» ሲባል «ቫልስ በሦስት ይቆጠራል፣ የእኛ በስድስት። ስድስት ማለት ሁለት ጊዜ ሦስት ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ ግን ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ የጎደለውን ቁልፍም በጩኸት ነው የሚሞላው።

ሰው ተነሳ። አግዳሚ ወንበር ተገፋ። ድስት ተንኳኳ። እናቴ፣ ያቺ ከሰው ፊት የማትናገር እናቴ፣ በነጠላዋ ጫፍ ላቤን ጠርጋልኝ እየጨፈረች አለፈች። ስናቆም ቆርቆሮው ራሱ የሚተነፍስ መሰለኝ።

አቶ ይመር አልጨፈሩም፤ ግን ቆመው ነበር። ፊታቸው በርቷል። እጃቸውን አንስተው ሰውን ጸጥ አሰኙ።

«እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር» አሉ። «እንዲህ ከሆነማ ይህ የእኛው ነው። ቤቱን እንሰጣለን። ብቻ ያንን በአንድ እግር መቆሙን ተዉት። የቀረውን ተማሩ።»

እልልታ ሆነ። እኛ ተቃቀፍን። አገኘነው ብለን አንዳችን የሌላችንን ክንድ ቆነጠጥን።

«አይሆንም ጋሼ ይመር» አለች ብርቅዬ።

ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ጉልበቷን በእጇ ይዛ ነው የተናገረችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ጋሼ ወንድይፍራው በአኮርዲዮኑ ተጋርዶ «አንቺ ሴት፣ ቤቱን አግኝተሻል እኮ፤ ዝም በይ» አላት። ሁላችንም ሰማነው።

«አሁን ያዩት ድንገት የመጣ ነው» አለች ብርቅዬ ወደ አቶ ይመር እያየች። «ደስ ብሎኛል፤ እንዲያውም ከሃያ ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ሠርቼ ያመጣሁትን ግን ገና አላዩትም። ያላዩትን አይንቀሉብኝ። አይተው ካስጠላዎት ቤቱን እለቃለሁ፤ ልጆቹንም አላስቸግርም።»

አቶ ይመር ፊታቸው ጠቆረ። «ሰጠናት፤ እምቢ አለች» አሉ ለሽማግሌዎቹ።

አቶ ነገሬ ወደ አቶ ይመር ዞሩ። «በልጄ አልፈርድም ብያለሁ፤ አልፈርድምም። ግን ይመር፣ አንድ ሰው ቃሌን ሳይሰሙ ፈረዱብኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

«ይሰማ እለዋለሁ።»

«በል እንግዲህ።»

አቶ ይመር ተቀመጡ። ሰውም ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ። እትዬ ገበያነሽ ግን መሀል ቆመው ቀሩ።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ምንም አላጠፉም እትዬ» አለች ብርቅዬ። «ብቻ ልጅቷ ዘመድ አጥታ አይደለም። ዝናብ እየጠበቀች ነው።»

«ቀድሞ አይነገርም? ዝናቡ ይመጣል?»

«ይመጣል። በመጨረሻ።»

«እንግዲያው አብሬያት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አሉና ከባላቸው አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን ምን እንደምትጠብቅ ስላወቀ ሰው ዱሬቲን የሚያያት በሌላ ዓይን ነበር። ሰማይ ስታይ እነሱም ቆርቆሮውን አዩ። እጇን ስትዘረጋ አንዲት እናት «አይ» አለች ቀስ ብላ። እትዬ ገበያነሽ የባላቸውን ጋቢ ጠፍንገው ይዘዋል፤ ሁለት ጊዜ ከወንበሩ ብድግ ሊሉ ሲሉ አቶ ነገሬ ክንዳቸውን ያዙ። ዱሬቲ በአንድ እግሯ ቆመች። በፊት ስትሠራው ደክሟት ነበርና ቁርጭምጭሚቷ ተንቀጠቀጠ። አየሁት፤ ብርቅዬም አየችው። እግሯ ግን አልወረደም። ቆየች፣ ቆየች። ያን ጊዜ ጋሼ ወንድይፍራው ሙዚቃውን ጭራሽ አቆመ፤ ሰባታችን ከግድግዳው ተላቀን በጣታችን ጫፍ ወለሉን ቀስ አድርገን መታን። ጠብ። ጠብ ጠብ። ከዚያ በረታ፤ የሲሚንቶው ድምፅ ጣሪያ ላይ የሚወርድ እውነተኛ ዝናብ ሆነ። የነካኝ ብርድ ነው ብዬ እጄን አየሁ፤ ጸጉሩ ቆሟል።

ስናበቃ ማንም አላጨበጨበም። ማለቁን የሚያውቅ አልነበረም።

«አለቀ?» አሉ እትዬ ገበያነሽ።

«አለቀ እትዬ።»

«እንግዲያው እልል ልበል?»

«ይበሉ» አለች ብርቅዬ፤ አሉም።

አቶ ይመር እልልታው እስኪያልፍ ጠበቁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር አልተማከሩም። «ማክሰኞና ሐሙስ» አሉ። «ለቅሶ ካለ ቤቱ የለቅሶ ነው፤ ያን ቀን እናንተም ወንበር ታወጣላችሁ።»

«እናወጣለን» አለች ብርቅዬ። እግሯ ስለማይሸከማት ድንኳኑ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። እየሳቀች ነበር።

ሰው መውጣት ሲጀምር አቶ ይመር ወደ እሷ ተመለሱ። ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ የነገሬ ልጅ» አሉ፤ «በአንድ እግሯ ሳትወድቅ ስንት ትቆያለች?»

«ማክሰኞ መጥተው ይቁጠሩ» አለቻቸው።

ማክሰኞ መጡ። ድስት ልቆጥር ነው ብለው ገቡና ጥግ ላይ አንድ ጎላ ገልብጠው ተቀመጡበት። ዱሬቲ ስትቆም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አርባ ሦስት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወጣ።